የሾርካ ጠበቃ

የዘንጋራ ከተማ ምንጭ በቀትር ደረቀ። በዚያችው ሰዓት በንጉሡ አዳራሽ የተሰቀለው ፈራጅ የተባለው ሰይፍ በሰገባው ውስጥ ጮኸ። ሽማግሌዎች ምልክቱን አወቁት፤ ውሃውን የሚያፈልቀው ሰማያዊ ድንጋይ ተሰርቋል፤ የወሰደውም በቀይ ሸለቆ የሚኖረው ባለ ቅርፊቱ አውሬ፣ ሾርካ ነው።

ሾርካን ከፈራጅ በቀር የሚቆርጠው ብረት አልነበረም። ፈራጅ ግን ሕግ ነበረው። ከሳሽ እንደ ጠበቃ ሆኖ የተከሳሹን ነገር፣ ተከሳሹ ራሱ «አዎ፣ ቃሌ ይህ ነው» እስኪል ካልተናገረለት ከሰገባው አይወጣም። ሞክሮ የሳተም አንደበቱ ለዘላለም ይዘጋል። የቀደሙት አባቶች ይህን የደነገጉት ማንም በጥላቻ ብቻ እንዳይገድል ነበር።

ሕፃናት በጥም መሞት ሲጀምሩ ዘሚራ የምትባል ወጣት የሕግ ተማሪ በንጉሡ ፊት ቆማ፣ «ድንጋዩን ሳልይዝ ብመለስ የዘንጋራ አፈር አይቀበለኝ!» ብላ ማለች። ወታደሩ ታላቅ ወንድሟ ዱርሳም ፈራጅን ይዞ አብሯት ተነሣ።

«እታለም፣ እኔ ለአውሬ ጠበቃ ልቆም?» አላት ወደ ቀይ ሸለቆ በሚወስደው የጨው ሜዳ ላይ ሲጓዙ። «ሚስቴ ብትሰማ፣ ለእኔስ መቼ ቆመህልኝ ታውቃለህ ትለኛለች።»

«ጋሼ፣ ለእኔ ተወው። አንተ ትቸኩላለህ።»

«ደግሞ አውሬ ምን ነገር አለው!»

ሾርካን ድንጋዩን አቅፎ ተኝቶ አገኙት። ዱርሳ አልታገሠም። «ስማ ተከሳሽ! የሰረቅኸው ስግብግብ ስለ ሆንህ ነው፤ ክፋት ተፈጥሮህ ነው!» ሲል ጮኸ። ሰይፉ አልተነቃነቀም። ዱርሳ እንደገና አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም።

ዘሚራ አለቀሰች። ከዚያም ተቀመጠችና አውሬውን ሦስት ቀን ሙሉ ስትጠይቀው ቆየች። በአራተኛው ማለዳ ተነሥታ ተናገረች፦

«ድንጋዩ የዚህ ሸለቆ ነበር፤ አያቶቻችን ወሰዱት። እናትህ ከምንጩ አብረን እንጠጣ ብላ ብትመጣ በጦር መለሷት። ግልገሎችህ እዚህ በጥም አለቁ። አንተ አልሰረቅህም፤ አስመለስህ እንጂ። ልጆቻችን እንደሚሞቱ ታውቃለህ፤ ያሳዝንሃልም። ነገር ግን የቀረችህ አንዲት ግልገል ትበልጥብሃለች።»

አውሬው ራሱን ቀና አደረገ። «አዎ፣ ቃሌ ይህ ነው። እንዲህ የተናገረልኝ ማንም የለም።»

ፈራጅ በራሱ ከሰገባው ወጣ። ዘሚራ ግን አልሰነዘረችም።

«ግልገልህን ይዘህ ና፤ አብረን እንጠጣ» አለችው።

«እናቴም የለመነችው ይህንኑ ነበር። ሕዝብሽ ዛሬ ይፈቅዳል?»

ሕዝቧን ታውቃለች፤ ልትዋሸውም አልሆነላትም።

«እንግዲያስ አልሰጥም» አለ ሾርካ።

በየደጃፉ የተኙት ሕፃናት ትዝ አሏት። ዓይኑን እያየች መታችው።

ድንጋዩ ወደ ቦታው በተመለሰ ጊዜ ውሃው ፈነዳ፤ ከተማው በእልልታ ተናወጠ። ንጉሡ እንደ ደንቡ «በእውነት ፈረድሁ ብለሽ ማይ!» አላት።

«አልፈረድሁም» አለች ዘሚራ። «ስለ ተጠማን ገደልሁት። ተበዳዩ እርሱ ነበር።» ከካባዋ ሥር የሾርካን ግልገል አወጣች። «ይህችም ትጠጣ።»

«ወይ ጉድ! የአውሬ ጠበቃ ሆና መጣች!» አለ አንዱ።

የመጀመሪያውን ድንጋይ የወረወረችው፣ አንድ ልጇ በጥም ሞቶባት በዚያ ማለዳ የተረፈው ልጇ ዓይኑን የገለጠላት እናት ነበረች፤ እጇ ገና ከውሃው እርጥብ ነበር። ዱርሳ እርሷን ሊከልል ደረቱን ለውርጅብኙ ሰጥቶ ወደቀ። ዘሚራ ግንባሯ እየደማ፣ ግልገሏን አቅፋ በበሩ ወጣች።

እንደ ልማዷም የዚያችን እናት ነገር በልቧ ተናገረችላት፦ ልጄን የገደለብኝ ዘር ከተረፈው ልጄ ምንጭ አይጠጣም። አንዲት ቃል እንኳ ልታፈርስባት አልቻለችም።