ባዶዋ ማኅደር

«እሷን ተያት» አለች አያቷ አርኔታ። ዛሪያ ግን ማኅደሯን ከመሳቢያው አውጥታታለች። ጫፏ ላይ በእርሳስ «ታሜካ ጌይንስ» የሚል ተጽፏል፤ የዛሪያ እናት ስም ነው። ገለጠቻት። ባዶ ናት።

አርኔታ አሜሪካ፣ ሜምፊስ ከተማ ያለውን የጥቁሮች ታሪክ ቤተ መጻሕፍት ሠላሳ አንድ ዓመት መርታለች። ዛሬ የመጨረሻ የሥራ ቀኗ ነው። ሌላው ኃላፊ መጽሐፍ ሲያሳድድ እሷ በየሟቹ ስም ማኅደር ከፍታ የቀብር ወረቀት ትለቅም ነበር፤ የሟች ፎቶና የሕይወት ታሪክ ታትሞባት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የምትታደለውን። «የእኛን ሰው ጋዜጣ ሲዘለው ይቺ ጽፋዋለች» ትላለች። ለቅሶ ቤት ገብታ ሳትጠይቅ ወጥታ አታውቅም። «ሚስ አርኔታ መጣች፣ ወረቀታችሁን ደብቁ!» እያሉ ይቀልዱባታል፤ ቀልደው ሲያበቁ ይሰጧታል።

ጠዋት ሚስተር ክሊዮቲስ የሚባሉ ሽማግሌ መጥተው ነበር። ቤታቸው ሲቃጠል የእናታቸው ፎቶ አንድ እንኳ አልተረፈም። አርኔታ ቢጫ የሆነች ወረቀት አውጥታ ስትሰጣቸው «ይኸው እማዬ! ያው የእሑድ ባርኔጣዋን አድርጋ!» ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

«ይቺ ለምን ባዶ ሆነች?» አለች ዛሪያ።

«እናትሽ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ስትሞት ለቀብር የተፈቀደው አሥር ሰው ነበር። አሥር ብቻ አሳተምን። የኔን ወረቀት በእናትሽ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ከተትኳት፤ ሞኝ ነኝ። የሌሎቹ የት እንደገባ እንጃ።»

«የኔ አለ አይደል? አገሩን ሁሉ ስትጠይቂ እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም?»

አያቷ መነጽሯን አወለቀች። «ስምንት ዓመትሽ ነበር፤ ወረቀቷን ትራስሽ ሥር አድርገሽ ነበር የምትተኚው። በየትኛው አፌ ልጠይቅሽ?»

ዛሪያ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። ወረቀቷ አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ናት፤ ከሒሳብ ደብተሯ መሐል። ከእጇ ከወጣች እናቷ ዳግመኛ የምትሞት ይመስላታል፤ እንደዚያ ማሰቧ ደግሞ ያሳፍራታል። የሽማግሌው ለቅሶ ግን ከጆሮዋ አልወጣም። የእሷ ቤትም ሊቃጠል ይችላል።

ወረቀቷን አወጣችና ጀርባዋ ላይ በእርሳስ ጻፈች፦ «ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር። ይህን ማንም አልጻፈውም።» ማኅደሯ ውስጥ ልትከታት ስትል የእናቷን ፎቶ እንደገና አየችው።

«ልጄ፣ ዋናዋን አንቺ ያዢያት። እዚህ ኮፒዋ ይበቃል» አለች አርኔታ።

«አይ» አለች ዛሪያ። «ኮፒዋን ለእኔ አንሽልኝ።»