የንግሥት ዘርዓዊት ደዌ

በኤልማር መንግሥት አንድ ጧት የቤተ መንግሥቱ ንቦች ቀፏቸውን ጥለው ወጡ። ነገር አዋቂዎች «ይህስ ለበጎ አይደለም» እያሉ ሲንሾካሾኩ፣ ንግሥት ዘርዓዊት ከአልጋቸው ሊወርዱ ቢሞክሩ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ደንገጡሮቹ መጎናጸፊያውን ቢገልጡት የሁለቱም እግሮቻቸው ጣቶች ድንጋይ ሆነዋል። ጠጠሩ፣ ደረቁ ማለቴ አይደለም፤ ወንዝ ዳር የምናየው እውነተኛው ድንጋይ ሆኑ።

በሳምንቱ ደዌው ቁርጭምጭሚታቸውን አለፈ። ሥር ማሹ፣ ቅጠል በጣሹ፣ ወጌሻው ሁሉ ተጠራ፤ አንዱም አልፈየደም። በመጨረሻ የፈዋሾች አለቃ ብራናቸውን ገልጠው ትንቢቱን አነበቡ። ይህ ደዌ የሚለቀው በቀዳማዊቷ ንግሥት የእንባ ብርሌ ብቻ ነው፤ ድንጋዩ ልብ ከደረሰ ግን አለቀ ማለት ነው። ያ ብርሌ ደግሞ ከተሰረቀ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። ሌባውንም በኤልማር ሕፃን ሳይቀር በስሙ ይረግመዋል። የንግሥቲቱ ባል ልዑል ናርዶስ ነው፤ ብርሌውን ሰርቆ ለጠላት አገር ለሙራ የገባ ከሃዲ።

ልዕልት ጸዳሊት የዚሁ ሰው ልጅ ናት። ዕድሜዋ ሃያ፣ ሙያዋ ፈዋሽነት። አባቷ ሲሄድ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ ሲጠይቋት «አባት የለኝም» ማለት ለምዳለች። እናቷን ግን እንደ ዓይኗ ብሌን ትወዳቸው ነበር። ደንገጡሮቹ ተሸክመው ዙፋናቸው ላይ ባስቀመጧቸው በእናቷ ፊት ተንበርክካ ማለች።

«ብርሌውን ሳልይዝ ብመለስ የኤልማር አፈር አይቀበለኝ። ከሃዲውንም ባገኘው አልምረውም።»

ንግሥቲቱ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ዓመድ መሰለ፤ ቃል ግን አልተነፈሱም። የኤልማር ነገሥታት ወግ ነው። ዘውድ ሲደፉ «የከፋኝን ሆዴ ይፍጀው» ብለው ይምላሉ፤ ከዚያ በኋላ ሲያለቅሱም ሲያማርሩም ማንም አያያቸውም። አገሬው ይህን ጀግንነት ይለዋል። እኔ እብደት እለዋለሁ፤ ሆድ ደግሞ ስንቱን ይፈጃል?

ጸዳሊት የተነሣችው ከአባ ጎሽም ጋር ነው። አባ ጎሽም የንግሥቲቱ የጦር አበጋዝ፣ ልዕልቲቱን ፈረስ ግልቢያ ያስተማራት፣ አባት ባጣች ጊዜ አባት የሆናት ሽማግሌ ነው። አሥራ ሁለት ቀን ተጉዘው ከሙራ ድንበር፣ ከገደሉ ድልድይ ደረሱ። ድልድዩን የሚጠብቀው ዘርጋም የሚባል አውሬ ነው፤ ባለ ክንፍ፣ ባለ አንድ ቀንድ፣ ትንፋሹ ያረፈበት ሣር ዳግም የማያበቅል። ሽማግሌው ልዕልቲቱን ወደ ኋላ ገፍቶ ጦሩን ከአውሬው ጉሮሮ ሰካ። አውሬው ገደል ሲገባ ግን ቀንዱ የሽማግሌውን ጎን ቀድዶት ሄደ። ጸዳሊት በሻሿ ቁስሉን ልታስር ስትጣደፍ እጇን ያዛት።

«ተይው ልጄ። የቆየ ቁስል አለብኝ፣ እሱን ልንገርሽ። አባትሽ ምንም አልሰረቀም። ሙራዎች ከተማችንን ከበው ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ፣ ልዑሉንና ብርሌውን ከሰጣችሁን እንሄዳለን አሉ። እናትሽ ሰጡ። በተኛበት የፊጥኝ ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

ታዲያ ለምን ሌባ ተባለ ብላ ጠየቀችው። ባሏን አሳልፋ የሰጠች ንግሥት ዙፋኗ ስለማይጸናላት ነው አላት፤ ወሬውን የነዛውም ራሱ እንደነበር አልደበቃትም። ከዚያ ይቅርታ ለመናት። ቁስሉን ልታስርለት ስትታገል ሞተ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይህ ነው። ጸዳሊት ሽማግሌውን በድንጋይ ከድና ስትቀብር እንባ አልወጣትም፤ ለማን እንደምታለቅስ አላወቀችም። አሥራ አራት ዓመት የጠላችው ሰው ንጹሕ ነው፤ አምና የኖረቻቸው ሁለቱ ግን ተማክረው ከድተዋታል። እናቷ ጸጉሯን እየሠሩላት «አባትሽ ጥሎሽ ሄደ» ያሏት ትዝ ሲላት፣ እንደ ድንጋይነታቸው ይቅሩ ብላ የትም ልትጠፋ ከጀላት። አባቷን የማየት ጉጉት ግን በለጠባትና ድልድዩን ተሻገረች።

ልዑል ናርዶስን ጠይቃ ጠይቃ ያገኘቻቸው በሙራ የጨው ሜዳ፣ በእግር ሰንሰለት ታስረው ጨው ሲፈልጡ ነው። ግማሽ ሬሳ አገኛለሁ ብላ ነበር፤ ያገኘችው ግን ደረተ ሰፊ፣ ዓይኑ የጠራ ሰው። እጃቸውን ስትዳብስ የደም ሥራቸው እንደ ጎልማሳ ይመታል። እንዴት ቻሉት ብላ ጠየቀቻቸው። የጨው ሜዳ እስረኞች ልማድ አላቸው፤ ጧት ሥራ ሳይጀምሩ ክብ ሠርተው ይቀመጡና እያንዳንዱ ያቃጠለውን ይናገራል፣ ያለቅሳል፣ ይራገማል፤ የቀሩት ያደምጡታል።

«እናትሽን ሦስት ዓመት በየቀኑ ረገምኳት። በአራተኛው ዓመት እርግማኑ አለቀብኝ» አሏት። «እሷ ግን በሐር ተጠቅልላ ዋጠችው።»

ብርሌውን ከጎናቸው አንሥተው ሰጧት። ሙራዎች ባዶ መሆኑን ሲያዩ ጥለውት እሳቸው ውኃ ይጠጡበት ነበር። መድኃኒት ኖሮበት አያውቅም አሏት፤ ከሥሩ የተቀረጸውንም አነበቡላት። ተበዳዩ ብርሌውን ይይዛል፤ በሽተኛው የደበቀውን በሰው ፊት ተናዝዞ ያለቅስበታል። ተበዳዩ ከልቡ ይቅር ካለ ደዌው ይጠፋል። ከአንገት በላይ ካለው በሽተኛው ይሞታል። ጭራሽ ካላለ ደዌው ወደ ራሱ ወደ ተበዳዩ ይዞራል። ይዛቸው ልትመለስ ብትለምን የሙራ ሕግ አልፈቀደላትም፤ ሰንሰለቱ የሚፈታው ሌላ ሰው በፈቃዱ ሲገባበት ነው። እኔ ልግባበት ብትል አባቷ እምቢ አሉ።

ኤልማር ስትደርስ ድንጋዩ የእናቷን ወገብ አልፎ ወደ ደረታቸው ይወጣ ነበር። ጸዳሊት የአዳራሹን በሮች አስከፈተች፤ መኳንንቱም ተራው ሰውም ገባ። ንግሥቲቱ ብርሌውን ሲያዩ ሁሉ ገባቸውና ሰው ይውጣ አሉ። ጸዳሊት ማንም አይወጣም አለች። በሕይወቷ «ግርማዊት» ሳትል ስትጠራቸው ያ የመጀመሪያው ነበር።

«እማዬ፣ አባቴን ሰጠሽ። እሺ፣ ከተማ ለማዳን ነው እንበል። እኔን የዋሸሽኝ ማንን ልታድኚ ነው? ስሙን ስጠራ አፌን የመታሽኝ ለማን ብለሽ ነው? በጣም ተቀይሜሻለሁ። እንዲህ የሚያቃጥል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር።»

ይህን ብላ እዬዬ አለች። የንጉሥ ልጅ በአደባባይ ስታለቅስ አይተው የማያውቁት መኳንንት አንገታቸውን ደፉ። ድንጋዩ የንግሥቲቱ ጡት ሥር ደረሰ።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አሉ በመጨረሻ። «ሲወስዱት ሦስት ጊዜ ወደ መስኮቴ ዞሮ አየ። ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። አልገለጥኩትም።»

የቀረውንም ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ የአሥራ አራት ዓመት እንባቸው በብርሌው ወረደ። ድንጋዩም እየተሰነጠቀ ከእግራቸው ይረግፍ ጀመር። ደረታቸው ላይ ብቻ ጥቂት ቀረ።

«ማሪኝ ልጄ።»

አዳራሹ ሁሉ ጸዳሊትን አየ። ቃሉን በሆዷ ፈለገችው፤ አላገኘችውም። ከከንፈሯ ላይ አንሥታ ብትሰጣቸው እናቷን ትገድላለች።

«አልዋሽሽም እማዬ። ገና ነው» አለች።

የቀረው ድንጋይ ከእናቷ ደረት ለቅቆ ብርሌውን የያዘውን ቀኝ እጇን ጨበጠው። ከጣቶቿ ጀምሮ እስከ ክርኗ ወጣ። ቁስል ስታጥብ፣ ስብራት ስትጠግን የኖረችበት እጅ ነው። ሕዝቡ ንግሥቲቱ በእግራቸው ሲቆሙ አይቶ እልልታውን አቀለጠው፤ ጸዳሊት ግን የሚያማትን ክርኗን በግራ እጇ ደግፋ ይዛ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ንግሥት ዘርዓዊት የሰንሰለቱን ሕግ ከጸዳሊት ሰምተው ዘውዳቸውን አውርደው፣ ያለ አጃቢ፣ በእግራቸው ወደ ሙራ መንገድ ጀመሩ። ጸዳሊት እስከ ከተማው በር ሸኘቻቸው። የጫማቸው ጠፍር ተፈትቶ አየችና ተንበርክካ በግራ እጇ ልታስር ታገለች።

«ሰንሰለቱ እግሬ ላይ ሲገባ አባትሽ ይመጣልሻል» አሏት እናቷ። «ያኔ ትምሪኛለሽ?»

«አላውቅም» አለች ጸዳሊት። «ስንቅ ይዘሻል?»

አልያዙም ነበር። የራሷን ስልቻ አውልቃ ትከሻቸው ላይ አንጠለጠለችና፣ ከዓይኗ እስኪሰወሩ ድረስ በሩ ላይ ቆማ ጮክ ብላ አለቀሰች።