ቁጥር አሥራ አራት

ፋይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮፒ ቤቱ የገባች ቀን የጁነይድን እጅ አፈፍ አድርጋ አስቆመችው።

ሚያዝያ 2011 ነበር። ጁነይድ ጀርመን አገር፣ ቦርንሃይም ሰፈር፣ በርገር ሽትራሰ ጎዳና ላይ ባለች ጠባብ ኮፒ ቤት ይሠራል። ከፌስታል ያወጣችውን ደብተር ተቀብሎ፣ ገጾቹን ነጣጥሎ ማሽኑ ውስጥ ሊከታቸው ሲል ነው እጁን የያዘችው።

«እንዳትነጥለው» አለችው። «ይፈርሳል።»

ደብተሩ ውሃ ገብቶበታል። ገጾቹ አብጠው ተጣብቀዋል፤ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ባልጠፋው በኩል ግን ከአንድ እስከ ሃያ የተቆጠሩ የአማርኛ መስመሮች ይነበባሉ። «ጥላዋን የተሰረቀች ንግሥት።» «ከደረቀ ወንዝ ሥር ያለች ከተማ።» «ሰው መስሎ ገበያ የሚወጣ ዘንዶ።»

ምን እንደሆነ ሲጠይቃት ዓይኗን ሳታነሳ ነገረችው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ዳሌዋ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ ኒድ ሰፈር ባለው ቤታቸው አንድ ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ ዛሂድ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ቩርፈል የሚሉትን ፊቱ ሁሉ ቁጥር ያለበት መጫወቻ እየወረወረ የጀብዱ ጨዋታ ይጫወታል። አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቹ ጀግኖች ይሆናሉ። እሷ ዘንድ ግን የሚመጣ ልጅ አልነበረም። ስለዚህ ብቻዋን የምትጫወትበት ስድስት ሠንጠረዥ ሠራላት። ባለ ሃያ ፊቷን ቩርፈል ትወረውራለች። የወጣው ቁጥር ማን እንደሚለምናት፣ ምን እንደጠፋበት፣ የት እንደምትፈልገው፣ ማን መንገድ እንደሚዘጋባት፣ ማን እንደሚያግዛት፣ በመጨረሻ ምን እንደምታገኝ ይነግራታል። የቀረውን ራሷ ትፈጥራለች። ፊደል እንዳትረሳ ብሎ ነው በአማርኛ የጻፈው።

«ወንድምሽ አሁን የት ነው?» አላት።

«የለም። አውቶባን ላይ፣ በመኪና አደጋ... ሦስት ዓመቱ።»

ደብተሩ ኬለር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በክረምቱ ቧንቧ ፈነዳና ያገኘውን ሁሉ አበላሸ።

ጁነይድ አማርኛ መተየብ የተማረው አዲስ አበባ ነው። ደብተሩን ለአንድ ሳምንት ብትተውለት ሙሉውን ተይቦ እንደሚሰጣት ነገራት። የማይነበበውን ባዶ እንዲተወው አደራ ብላው ሄደች።

ከመቶ ሃያው መስመር ሠላሳ አንዱ ፈጽሞ ጠፍቷል። እሱም እንዳለችው ባዶ ሊተዋቸው ነበር። ግን በማግሥቱ ደወለች። የተነበበ ነገር እንዳለ ስትጠይቅ ድምጿ ሐኪም ቤት ደጅ ላይ እንደቆመ ሰው ድምፅ ነበር። «የለም» ማለት አቃተው።

«አንድ አገኘሁ» አላት። አፉ ላይ የመጣለትን ነገራት፦ «ልጆቿን በስም የምትጠራ ዛፍ።»

ፋይዛ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ።

«ዛሂድ ነው» አለች። «እሱ እንዲህ ነው የሚያስበው።»

ከዚያ ወዲያ ማቆም አልቻለም። በየቀኑ ትደውላለች፣ በየቀኑ አንድ ሁለት መስመር «ያገኝላታል»። ሳምንቱ ሲያልቅ አንድም ባዶ ቦታ አልቀረም። እናቷ እማማ ዛሂራ አስም አለባቸውና የደብተሩ ሻጋታ ያፍናቸው ነበር። ፋይዛ ሁሉም ተርፏል ብላ አሮጌውን ጣለችው።

ከሠላሳ አንዱ መስመሮች አንዷን ግን ጁነይድ ለራሱ ነበር የጻፋት። የማሽኑ ቀለም ጣቱን በየቀኑ ያጠቁረዋል። በአጋዦቹ ሠንጠረዥ፣ ቁጥር አሥራ አራት ላይ እንዲህ አለ፦ «ድልድዩ ላይ ጣቱ በቀለም የጠቆረ ሰው ይጠብቅሻል። እመኚው።»

በዚያ በጋ እሑድ እሑድ ኒዳ ወንዝ ዳር እየተገናኙ ይቀመጡ ጀመር። ሳምንቱን በሠንጠረዡ የተጓዘችውን ትተርክለታለች፣ እሱ ያዳምጣል። እህል በደንብ መብላት ጀመረች። ወንድሟ ሲሞት አቋርጣው ወደነበረው የሙያ ሥልጠና፣ ወደ አውስቢልዱንጓ ተመለሰች። እማማ ዛሂራ ቤት ጠርተው አበሉት፤ ልጄን መለስክልኝ እያሉ መረቁት። ፋይዛን ወዷታል። መውደዱን ሊነግራት አፉን በከፈተ ቁጥር ግን የዋሻት ነገር ቀድሞ ይመጣበታል፣ መልሶ ይዘጋዋል።

መስከረም ላይ አንድ እሑድ እየሮጠች መጣች። ዳሌዋን እያመማት መሮጧ ነው። ምንም ሳትለው እጁን ያዘችና ጣቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ትናንት አሥራ አራት ወጣልኝ» አለችው። «ዛሂድ ሳያውቅህ ጽፎህ ነበር፣ ጁነይድ። አንተን ልኮልኛል።»

መናገር የነበረበት ያን ጊዜ ነው። ዓይኗን አየና አልተናገረም። እሷው ስለ ጋብቻቸው እናቷን እንደምታናግር ነገረችው፣ እሱ ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌ ተላከ፣ ኒካሑም ለኅዳር ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣ፣ ምግብም እምቢ አለው። የሰርጓን ቀሚስ ፎቶ በስልኩ ስትልክለት ኮፒ ቤቱ ጓሮ ገብቶ ያለቅሳል። እሺ ያለችው ለሙት ቃል እንደሆነ፣ ቃሉ ደግሞ የሙት እንዳልሆነ ያውቃል። እንዲህ ሊያገባት አልቻለም። ኒካሑ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ቀትር ላይ፣ ያው ወንዝ ዳር ነገራት።

«አሥራ አራትን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የሚቀልድ መሰላት። ፊቱን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ።

«ሌላስ?»

«ሠላሳ አንዱን ሁሉ።»

ፋይዛ አልጮኸችም። የተተየቡትን ወረቀቶች ከቦርሳዋ አውጥታ እስክሪብቶ ጨምራ ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። እሱ በጻፋቸው ሁሉ ላይ ምልክት እንዲያደርግ ነገረችው። ጁነይድ አንድ በአንድ ያሰምርባቸው ጀመር። እሷ ከአጠገቡ ቆማ ታያለች።

«ዛፏስ?» አለችው።

«የኔ ናት።»

ዓይኗን ጨፈነች።

ሃያ አራት ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ወደኋላ ተመለሰ፣ እንደገና አነበበ። የቀሩትን ሰባቱን ማግኘት አቃተው። ያን ሳምንት እንደ ዛሂድ ለመጻፍ ያልሞከረው አልነበረም፤ ተሳክቶለት ኖሮ አሁን እሱ ራሱ የማን እንደሆኑ መለየት ተሳነው። ደብተሩ ደግሞ የለም።

«ሰባቱን ንገረኝ» አለችው።

«አላውቃቸውም፣ ፋይዛ።»

«ሰባቱን ብቻ፣ ጁነይድ። እባክህ።»

«ወላሂ አላውቃቸውም።»

ወረቀቶቹን ወሰደችና አጠፈቻቸው። ከእንግዲህ የትኛውንም መስመር ስታነብ ወንድሟ ይሁን እሱ ስትጠራጠር እንደምትኖር፣ ዛሂድን አሁን ገና እንደቀበረችው ነገረችው። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ ዝሏል። ጁነይድ ይቅር እንድትለው ለመናት። ስለወደዳት እንዳደረገው ነገራት።

«አሥራ አራት ባይወጣም እወድህ ነበር» አለችው። «ብትጠይቀኝ እሺ እልህ ነበር። ምንም መጻፍ አላስፈለገህም።»

ትንሽ እያነከሰች ሄደች። ተከትሎ ሊሮጥ ተነሣ፣ ግን መልሶ ተቀመጠ።

ኒካሑ ቀረ። ፋይዛ ስልክ አታነሳለትም። እማማ ዛሂራ ግን ለዒድ ሲደውልላቸው ያነሱ ነበር። ልጃቸው ጨዋታውን እንደተወችው፣ ወረቀቶቹን ቀዳም፣ አቃጥላም፣ አንብባም እንደማታውቅ ነገሩት። አውስቢልዱንጓን ጨርሳ ካሰል ከተማ ሥራ ያዘች። እሱ ኮፒ ቤቱን ትቶ ጊንሃይም ሰፈር ቤት ተከራየ፣ መጋዘን ገባ። ይቅርታ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይጀምራል፤ ሦስት መስመር ሲጽፍ የገዛ ቃሉን ማመን ያቅተውና ይቀደዋል።

በ2014 ለዒድ ሲደውል እማማ ዛሂራ ፋይዛ ካሰል ውስጥ እንዳገባች፣ ሰውየው ደግ እንደሆነ ነገሩት።

ጁነይድ ግድግዳውን ተደገፈ።

«እንኳን ደስ ያለሽ ብሏል በሉልኝ።»

«አልልላትም፣ ልጄ» አሉት በቀስታ። «እውነቱን ነው ወይ ብላ ትጠይቀኛለች።»