ሰባት ረቡዕ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ስልካችሁንም ለአንዲት አፍታ ኪሳችሁ ክተቱልኝ። የማወራችሁ ስለ ሮማንወርቅ ነው፤ እዚሁ ለንደን፣ ስቶክዌል ሰፈር ከእናቷ ጋር ስለምትኖር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ።

ሮማንወርቅ ኮሌጅ ውስጥ በአስተማሪዋ በሚስ ኦኮሮ ጠረጴዛ ፊት ቆማለች።  የምትማረው የጤና አስተዳደር ነው። ቀጠሮ መያዝ፣ የበሽተኛ መዝገብ ማደራጀት፣ ክሊኒኩ ትርምስምስ እንዳይል መጠበቅ፣ ይኼ ሁሉ ሙያ ነው። ለመመረቅ ታዲያ ክፍል ውስጥ መማር ብቻውን አይበቃም፤ በየሳምንቱ ረቡዕ ክሊኒክ እየሄዱ መቶ ሃያ ሰዓት መሥራት ግድ ነው።

«የተፈረመልሽ ሰባ ሁለት ነው፤» አለች ሚስ ኦኮሮ ወረቀቱን በጣቷ እየነካች። «ሰባት ረቡዕ ባዶ ነው። የቀረሽ የፊታችን ረቡዕ ብቻ ነው፤ እሱን ብትሠሪ እንኳ ሰባ ስምንት።»

«ቅዳሜ ልግባ? እሑድስ?»

«ክሊኒኩ ዝግ እንደሆነ ታውቂያለሽ።» ሚስ ኦኮሮ መነጽሯን አወለቀች። «ሴፕቴምበር ላይ ዕቅድሽን አብረን ስናወጣ፣ ቤት ውስጥ የምታስታምሚው ሰው አለ ወይ ብዬሽ ነበር። የለም አልሽኝ። አለ ብትዪኝ ኖሮ ሰዓቱን በሌሎች ቀናት እንበትነው ነበር። ያላስገባሽው ገጽ ካለ እስከ ዓርብ አምጪልኝ። ከሌለ ግን በጁላይ አትመረቂም። የሠራሽው አይጠፋም፤ የቀረውን በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰሽ ትጨርሺዋለሽ።»

ሮማንወርቅ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።  የለም ያለችው እናቷ ስላዘዘቻት ነበር።

እናቷ ወይዘሮ ኤልፍነሽ ኩላሊቷን ታማለች። የምታክማት ሐኪም የምትገኘው ረቡዕ ረቡዕ ነው። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል፤ ኤልፍነሽ ግን ሞቼ ነው ቆሜ አለች። «አማርኛ የሚያስተረጉመው ማን ሆነና? ወይ ከቤተ ክርስቲያናችን ነው፣ ወይ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ዘመድ ነው። እሑድ ቅዳሴ ሳይወጣ ኩላሊቴ የሰው ሁሉ ወሬ ይሆናል!» ስለዚህ የምታስተረጉመው ልጇ ሆነች። «ረቡዕ እኮ የልምምድ ቀኔ ነው፤ ለኮሌጁ እንንገር» ስትላት ደግሞ ኤልፍነሽ ይባስ ደነገጠች። «ልጅ እናቷን ታስታምማለች ብለው ሶሻል ይልኩብናል። እንዳትተነፍሺ!» ሶሻል የሚባሉት የመንግሥት ሠራተኞች ልጅ ይነጥቃሉ ተብሎ ሲወራ ሰምታ፣ ስማቸው ሲነሣ እንኳ ይርዳታል። ሮማንወርቅም አልተነፈሰችም። አንድ ረቡዕ ቀረች፤ ሌላውን አካክሳለሁ አለች፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት ሞላ።

አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ኪዲ ጠበቀቻት። ኪዲ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ልምምዱንም አንድ ክሊኒክ ነው የሚሠሩት።

«ፊትሽ ምን ሆኗል? ሰው ሞተ እንዴ?»

ሮማንወርቅ ነገረቻት። ኪዲ ግን ሳቀች።

«በቃ ይኼ ነው? አታካብጂ ባክሽ! ያላስገባሽው ገጽ ካለ አምጪ ነው ያለችሽ አይደል? እንኪ፣ ባዶ ገጽ አለኝ። የክሊኒኩ ማናጀር ፊርማ ደግሞ እኔ ወረቀት ላይ ሞልቷል፤ እሱንም ያዢው። የኔን ከሥር አድርገሽ ፊርማውን ማስመሰል ነው። ፋይቭ ሚኒትስ!»

«ክሊኒኩ ጋ ቢደወልስ?»

«ማን ይደውላል? ሚስ ኦኮሮ ስድሳ ተማሪ አላት። ፋራ አትሁኚ፣ ሮሚ። እናትሽ ልጄ ልትመረቅ ነው ብላ ለሰው ሁሉ ተናግራለች፤ ለምርቃቱ የምትለብሺውን ሁሉ መርጣለች። ምን ልትያት ነው?»

አውቶቡሱ ላይኛው ፎቅ ላይ ሮማንወርቅ ገጹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። የመጀመሪያውን ረቡዕ ቀን ጻፈች። ስድስት ሰዓት ብላ ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶው ቆመ። ክሊኒክ የገባች ዕለት መጀመሪያ የተማረችው ይኼንኑ ነበር፤ ያልመጣ ሰው መጣ ተብሎ አይመዘገብም። እንዲያ ከተመዘገበ፣ የት ደረሰ ብሎ የሚፈልገው የለም። ያን ረቡዕ እሷ የት ነበረች? የእናቷን እጅ ይዛ፣ ኩላሊቱ ሥራ እያቆመ ነው የሚለውን ቃል እንዴት አድርጋ በአማርኛ እንደምትለው ጠፍቶባት ነበር። እንባዋ ገጹ ላይ ጠብ አለ። እንዲያም ሆኖ ሰባቱንም ረቡዕ ሞላች፤ ፊርማውንም አስመስላ ጨረሰችና ገጹን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው።

ቤት ስትገባ ኤልፍነሽ ሶፋው ላይ እግሯን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ተቀምጣለች።

«መጣሽ የኔ ልጅ? ረቡዕ ቀጠሮ እንዳለን አልረሳሽም አይደል?»

«እማዬ፣ በጁላይ አልመረቅም።»

«ምን አልሽ?»

«ሰዓት ጎድሎብኛል። ረቡዕ ረቡዕ አንቺ ጋ ስለነበርኩ።»

ኤልፍነሽ ብርድ ልብሱን ከእግሯ ላይ ገፈፈች።  «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«ነግሬሽ ነበር እኮ።»

ይኼን ከተናገረች በኋላ ሁለቱም መተያየት አልቻሉም። ሮማንወርቅ ገጹን አወጣችና ለአራት ቀድዳ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ወደ ሆስፒታሉ ደወለች። የስልኩ የመጠበቂያ ሙዚቃ ረዘመ። አንዲት ሴት ስታነሣ ሮማንወርቅ በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመረች፤ ኤልፍነሽ ከወሬው ሁሉ «አምሃሪክ» የምትለዋን ቃል ለይታ ሰማች።

«አስተርጓሚ ነው የጠየቅሽው?»

«አዎ እማዬ። የፊታችን ረቡዕ እኔ ክሊኒክ ነኝ።»

«አልመረቅም አላልሽም እንዴ! ምን ይሠራልሻል?»

«የስድስት ሰዓት ሥራ ነው፤» አለች ሮማንወርቅ።  «ለሚቀጥለው ዓመት ይያዝልኛል።»

ኤልፍነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።  ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት «ሄሎ? ሄሎ?» ትላለች። ሮማንወርቅ አልመለሰችላትም፤ አልዘጋችባትምም።

«ሴት ትሁን በያት፤» አለች ኤልፍነሽ ፊቷን ሳትመልስ። «ሩቅ ሰፈር የምትኖር።»

ልጆቼ፣ ጁላይ ሲገባ ጋውን ለብሰው ፎቶ የሚነሡትን ተመራቂዎች ስታዩ፣ እልል በሉላቸው። መሃላቸው ያልቆመችውን ሮማንወርቅንም አንድ አፍታ አስቧት፤ አደራ።