ከታች ማን አለ?

«ደረጃ መውጣት የጉልበት ነው፤ መውረድ ግን የእምነት ነው» ትል ነበር እቴቴ።

እቴቴ የልብስ ሰፊዋ አክስት ነበረች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት፣ መርፌ ያስያዘቻት፣ ጣቷን በወጋች ቁጥር አብራት «ውይ!» ያለችላት እሷ ናት። ሴትዮዋ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ልብስ ሰፊዋ ምድር ቤት የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሠራለች። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በግቢው በኩል የተሠራ ጠባብ የእንጨት ደረጃ ነው።

ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ እቴቴ ያን ደረጃ እንደ ሰው አትወርደውም ነበር። ፊቷን ወደ ደረጃው፣ ጀርባዋን ወደ ግቢው ታዞርና መደገፊያውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከመሰላል እንደሚወርድ ሰው ወደ ኋላ ትወርዳለች። ስለምታፍርበት የግቢው በር ሳይዘጋ አትሞክረውም። ከኋላዋ ያለውን ስለማታይም አስቀድማ ትጣራለች።

«ከታች ማን አለ?»

«አለሁ!» ትላለች ልብስ ሰፊዋ፣ መኪናዋን አቁማ እየሮጠች። ያን ቃል ሳትሰማ እቴቴ እግሯን አታነሳም።

አንድ ቀን ታዲያ ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ ግቢው በሰው ተሞልቶ ጠበቃት። የደረጃው መደገፊያ ተገንጥሏል። እቴቴ ከሥሩ በአንሶላ ተሸፍናለች።

አስማሚ እየተባለ የሚጠራው ጎረቤታቸው፣ የቤት ደላላው፣ «በበሩ ሳልፍ ስትወድቅ አይቻለሁ» ብሎ ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ። ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

«እኔ ከታች ሳልኖር አትወርድም» አለች ልብስ ሰፊዋ መርማሪውን።

«እህቴ፣ ሰው አንዳንዴ ልማዱን ይስታል።»

«እሷ አትስትም። ተገፍታ ነው።»

መርማሪው አንገቱን ደፋ። ሐዘን ያናወዛት መስሎት ውኃ አስመጣላት።

ውኃውን ጠጣችና ገዳዩን ራሷ ልትፈልግ ወጣች። ልብስ ሊያስለኩ የሚመጡትን ሁሉ ወገባቸውን በሜትር ይዛ ትጠይቃለች፤ ሜትር የታሰረበት ሰው ደግሞ የት ይሄዳል? መጀመሪያ የጠረጠረችው ከእቴቴ ጋር ተጣልቶ የተከራየውን ክፍል የለቀቀውን ሹፌር ነበር። መናኸሪያ ድረስ ሄዳ አፋጠጠችው።

«እኔን?» አለ ሹፌሩ። «ያን ቀን የገፋሁት ሰው ሳይሆን መኪናዬን ነው! መሀል መንገድ ቆማብኝ ከተሳፋሪዎቼ ጋር ስገፋ ዋልኩ። ከፈለግሽ የሰደቡኝን አንድ በአንድ ልጥራልሽ።»

ጠራላት። ተሳፋሪዎቹን ጠየቀቻቸው፤ እውነቱን ነበር፤ ስድቡንም ደገሙለት።

አንድ ሰው ብቻ ሳትጠይቅ ቀረች። የሟችን አወዳደቅ ለሐዘንተኛ አይተርኩም፤ ሐዘንተኛም አይጠይቅም። ሲነግሯት «ወደቀች» ብለው ነው ያቆሙት። ስትወድቅ ያየውን ሰው ቁጭ ብሎ ሲተርክ ለመስማት አንጀቷ አልቻለም። ደግሞስ አስማሚ ሬሳውን የተሸከመ፣ ለቀስተኛ ያስተናገደ ሰው አይደል? «መደገፊያውንም ወንድሜ ይሥራልሽ፤ አናጢ ነው» ብሎ የላከላት እሱ ራሱ ነው።

አናጢው መሣሪያውን በትከሻው አንግቶ መጣ። ጥቂት የሚናገር፣ ጣቶቹ ላይ የእንጨት ሽታ የማይጠፋ ጎልማሳ ነው።

«ደረጃውን ልታይ ነው?» አለችው።

«ደረጃው ደህና ነው። የተጎዳው መደገፊያው ነው።» ዓይኑ ፊቷ ላይ አረፈና ቶሎ ተነሣ።

ሥራው አላልቅ አለ። አንዱን ቋሚ ይተክላል፣ መልሶ ይነቅላል፣ ይልጋል፣ ያለሰልሳል። እሷም በመስኮቱ በኩል ታየዋለች፤ ክሩ ከመርፌው ከወጣ ቆይቶ መኪናዋ ባዶውን ይሮጣል።

«ለአንድ መደገፊያ ይሄ ሁሉ ጊዜ?» አለችው አንድ ቀን።

«እንጨቱ አልደረቀም።»

«ትናንት ደርቋል ብለህ ነበር።»

«ትናንት ዘነበበት።»

«ትናንት ፀሐይ ነበር እኮ!»

«እንግዲህ» አለ አናጢው ምስማር እየፈለገ፣ «እኔ ትናንት ሰማይ አላየሁም።»

ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች፤ እቴቴ ፎቅ ላይ የምትሰማት መሰላት።

ቀስ በቀስ ጥርጣሬዋን ሁሉ ነገረችው። ሌላው ሰው «ተይው፣ ነፍሷን ይማር በይ» ይላታል። እሱ ግን መላጊያውን አስቀምጦ እስክትጨርስ ሰማት።

«አምንሻለሁ» አለ። «ያደረገውን ሰው እስክታገኚ አብሬሽ እፈልጋለሁ።»

የዚያን ዕለት ስትጸልይ ስሙን ከእቴቴ ስም ቀጥላ ጠራችው። ደነገጠች፤ ግን መልሳ አላወጣችውም።

አንድ ቋሚ ብቻ ሲቀር «እስቲ ጥንካሬውን ልፈትነው» አለችና ወደ ላይ ወጣች። የግቢውን በር አስዘጋችው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው መደገፊያውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ከታች ማን አለ?» ብላ በእቴቴ ድምፅ ተጣራች። ሳቅና ዕንባ አንድ ላይ መጡባት። «‹አለሁ› በል እንጂ! ካልመለስክ አልወርድም።»

መልስ የለም። ዘወር ብላ አየችው። አናጢው ከታች ቆሟል፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«እንዲህ ነበር የምትወርደው?»

«ሁልጊዜ። ስለምታፍር ከእኔ በቀር አንድም ሰው አያውቅም።»

«ፊቷን... ወደ ደረጃው አዙራ?»

«አዎ። ምነው?»

ጎንበስ ብሎ መሣሪያውን ሰበሰበ። የመጨረሻውን ቋሚ ግድግዳ ላይ አስደግፎት፣ ደህና ዋዪ እንኳ ሳይላት ሄደ። በማግስቱ አልመጣም። ከዚያም አልመጣም።

መጀመሪያ የታመመችው እንደ ሴት ነው። «ሌላ አለችው ማለት ነው፤ በእኔ ሐዘን ሲያሾፍ ኖሯል» ብላ አለቀሰች፤ ያለቀሰችበትን እጅጌም ገልብጣ ሰፋችው። ኋላ ግን ያ መርማሪ ልቧ ነቃ። ያስደነገጠው እሷ አይደለችም፤ አወራረዷ ነው። ሰው የማያውቀውን ነገር ሲያይ ይገረማል፤ የሚደነግጠው ሌላ ነገር ሰምቶ ከነበረ ነው። ከማን?

ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። ስትወድቅ አየሁ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሱም ከአናጢው ጋር አንድ ጣራ ሥር ያድራል።

«ፈጣሪዬ» አለች፣ «እውነቱን ስትሰጠኝ እሱን አትውሰድብኝ።»

አስማሚ በአክብሮት ተቀበላት፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። አናጢው የውስጠኛው ክፍል ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ከስቷል። ቀና ብሎ አላያትም።

«እቴቴ እንዴት እንደወደቀች እንዲነግሩኝ መጣሁ» አለች።

«እህቴ ይቅርብሽ። ያምሻል።»

«አለማወቁ ነው ያመመኝ።»

ማስረዳት ሥራው ነውና ተነሣ። በጣቶቹ የቀሚስ ጫፍ የሰበሰበ አስመስሎ አሳያት። «በሩ ክፍት ነው፣ እኔ በዚያ ሳልፍ ነው። እንዲህ ቀሚሷን ሰብስባ ስትወርድ አየችኝና ፈገግ አለች። ወዲያው ጫፉን ረገጠችውና በግንባሯ ተደፋች።»

«ፈገግ ስትል አዩ?»

«ፊቷ ፊት ለፊቴ እኮ ነው! እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከእሱ አላነሣችም።

«እቴቴ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር የምትወርደው» አለች። «በሩ ክፍት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትወርድም። ስትወርድ አላዩዋትም።»

የቀሚስ ጫፍ የያዙ የመሰሉት ጣቶቹ ተፈቱ።

«ጋሼ» አለ አናጢው።

«አንተ ዝም በል! ምን ታውቃለህ?»

«ያስተማርከኝን ነው የማውቀው። ልጅ ሆኜ የጎረቤት መስኮት ስሰብር እጄን ይዘህ ወስደህ ‹በአፍህ ንገራቸው› ያልከኝ አንተ ነህ። ሰሞኑን ሁሉ ለመንኩህ፤ አሁንም እለምንሃለሁ። በአፍህ ንገራት።»

አስማሚ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። በአንድ ጊዜ ሽማግሌ ሆነ።

«ቤቱን ሽጪ ነው ያልኳት። ለገዢው አስማማታለሁ ብዬ ፎክሬበት ነበር። ‹ልጄ የምትሠራበትን ቤት አልሸጥም፣ ውጣልኝ› ብላ ደረጃው አፋፍ ድረስ ሸኘችኝ። ሰደበችኝ። ገፋኋት። መደገፊያውን ያዘች፤ አብሯት ሄደ።» እጁን አፉ ላይ አደረገ። «ትተነፍስ ነበር። ሰው ልጥራ ብዬ... ብትናገርስ አልኩ። ቆሜ ጠበቅኩ።»

ልብስ ሰፊዋ መግፋቱን ጠርጥራ ነበር የመጣችው፤ መጠበቁን ግን አላሰበችውም።

አናጢው የወንድሙን ጫማ አምጥቶ እግሩ ሥር ተንበረከከ። እናትና አባታቸው ከሞቱ ወዲህ የእሱን ጫማ በየማለዳው ያሰረለት ይህ ሰው ነበር። አሁን እሱ አሰረለት፤ ሁለት ጊዜ ተፈታበት።

«ተነሣ፣ ጋሼ። ጣቢያ ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ። ብቻህን አልተውህም።»

በአጠገቧ ሲያልፉ አናጢው ቆመ። ከዚያ የወንድሙን ክንድ ይዞ ወጣ።

ገዳዩ ተፈረደበት። ጎረቤቱ ሁሉ «ጎበዝ፣ ወንድ የማይደፍረውን» እያለ አሞገሳት። እሷ ግን ማታ ማታ መብራት ሳታበራ ትቀመጣለች። ገዳዩን ያገኘችበት እጅ የምትወደውን አስመለጠባት። ግድግዳ ላይ የተደገፈውን ቋሚ ሌላ አናጢ ጠርታ ማስተከል ትችል ነበር። አልጠራችም። ጣይው ሲሏትም አልጣለችውም።

ዝናቡ መጥቶ ከሄደ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ።

አናጢው ነው። መሣሪያውን አንግቷል። «ሥራ አቋርጬ ሄጄ ነበር» አለ መሬት መሬት እያየ። «ልጨርስልሽና እሄዳለሁ።»

«ወንድምህን ይቅር አላልኩትም።»

«እኔም ገና ነኝ።»

«እስር ቤት ሄደህ ትጠይቀዋለህ?»

«አልቀርም። እጠላዋለሁ፣ ግን ስንቁን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ያን ቀን እኔ ባልመጣ ኖሮ ትነግረኝ ነበር?»

«ነበር ብልሽ ደስ ባለኝ። እውነቱን ግን አላውቀውም።»

«እነግርሽ ነበር» ቢላት ኖሮ በሩን ትዘጋበት ነበር። ተንቀሳቅሳ አሳለፈችው።

ቋሚውን ተከለ። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፤ በመዳፉ ዳስሶ ጠራርጎ መሣሪያውን አነሣ። ልብስ ሰፊዋ ግን በአጠገቡ አልፋ ወደ ላይ እየወጣች ነበር። አፋፉ ላይ ስትደርስ ጀርባዋን ሰጠችው። አዲሱን እንጨት በሁለት እጇ ጨበጠች።

«ከታች ማን አለ?»

ነፋስ የተሰጣ ጨርቅ አወዛወዘ። አልዞረችም። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

መሣሪያው መሬት ሲያርፍ ሰማች።

«አለሁ» አለ፣ በተሰበረ ድምፅ። ከዚያም ጠንከር አድርጎ፣ «አለሁ።»

ያን ጊዜ ነው እግሯን ያነሣችው።