የቀለም ሻጩ ሱሪዎች

መጀመሪያ ያየሁት ቁርጭምጭሚቱን ነው። ተንበርክኬ የሱሪውን ርዝመት እየለካሁ ነበር።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ከአክስቴ ልብስ ስፌት ቤት በቀር መሄጃ የለኝም፤ ከአክስቴ በቀርም የሚያናግረኝ የለም። እሷም የምታናግረኝ «አፍሽን ለማን አደራ ሰጠሽው?» ለማለት ነው።

እሱ ግን ከላይ ሆኖ ያወራል። ማዶ ያለው ቀለም መሸጫ የአጎቱ እንደሆነ፣ እዚያ እንደሚያግዝ፣ ትምህርት ሊጨርስ ሦስት ወር እንደቀረው፣ ድመት እንደሚፈራ... ሳልጠይቀው ሁሉንም ነገረኝ።

«አንቺስ?» አለኝ።

«ቀጥ ብለህ ቁም» አልኩት።

የመጀመሪያው ጨዋታችን ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣ ጀመር። አንዴ ሱሪው ረዘመ፣ አንዴ ጫፉ ተተረተረ ይላል። በሁለት ወር አራት ሱሪ አሳጠረ። አራተኛው የአባቱ ነበር፤ አባትየው ግን አልሰሙም። እሱ ለሁለታችንም ያወራል፣ እኔ እሰፋለሁ። ረቡዕ ሲመጣ ቤቱ ጭር ይልብኛል።

የደንበኛ ስም መጠየቅ ስለማፍር ሰውየውን የማስታውስበትን ነገር በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ልብሱ ላይ በስፒል እሰካለሁ፤ «ቁልፍ የሚበጠስባቸው»፣ «በዚህ ዓመት ሆድ ያወጡት»። ልብሱ ከመውጣቱ በፊት ወረቀቱ ይነቀላል። ለምርቃቱ የሰፋንለትን ኮት ሊወስድ የመጣ ቀን ግን «እንዴት ነው፣ አማረብኝ?» ብሎ ሲዞር ልቤ ጠፋ። ሳልነቅል ሸኘሁት።

በማግስቱ ኮቱን ለብሶ መድረክ ላይ ወጣ። ጀርባው ላይ ከኮሌታው ሥር በእኔ እጅ ጽሑፍ «ለፍላፊው» የሚል ተሰክቷል። አዳራሹ በሙሉ አነበበው።

ማክሰኞ አልመጣም። በሚቀጥለውም። በራችንን ሲያልፍ አንገቱን ጠምዝዞ ነው።

«ልጁን ምን አደረግሽው?» አለች አክስቴ።

ነገርኳት።

«ሂጂና ይቅርታ በይው።»

«መናገር ያቅተኛል።»

«እንግዲያው ጽፈሽ... ኧረ ተይው! ጽፈሽማ አየንሽ።»

ካልሄድኩ ያንን ድምፅ ዳግመኛ እንደማልሰማው አውቄዋለሁ። ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰው ተሰልፏል። እሱ ነጭ ቀለም ያማስላል፤ ዝም ብሎ።

«ምን ልታዘዝ?» አለኝ፣ እንደማያውቀኝ ሰው።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት ወሬ ገነፈለ።

«ስትለፈልፍ ደስ ስለሚለኝ ነው የጻፍኩት! ሌላ የሚያናግረኝ ሰው የለኝም። ማክሰኞ ምሳ አልበላም፤ አፌ ሞልቶ እንዳታገኘኝ። ሱሪህም በራሱ አልተተረተረም... እኔ ነኝ! ተመልሰህ እንድትመጣ አውቄ አላልቼ ነው የሰፋሁት። የአባትህንም!»

ማማሰያው ቆመ። 

ከኋላዬ የቆሙ አንዲት እናት «ልጄ፣ መልስ ስጣት እንጂ! ቀለሜ እኮ ደረቀ» አሉ።

ጆሮው ድረስ ቀላ።

«እኔ ደግሞ...» አለ ቀስ ብሎ፣ «በምላጭ ስተረትረው፣ ምነው እንዲህ ቶሎ እሺ አለኝ እል ነበር።»

ሴትየዋ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸሸጉ። እሱ ቀለሙን ከድኖ ሰጣቸውና እስከ በራችን ሸኘኝ። መንገዱን ተሻግሮ ሃያ እርምጃ ነው። ሁለታችንም አንዲት ቃል አልተነፈስንም።

የተጋባነው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። አክስቴ ግን ነገሩ ያለቀው ያን ቀን ነው ትላለች።

«ታዲያ ምን አለሽ?» አለችኝ ከማዶ ተመልሼ ስገባ።

«እጄን ያዘኝ።»

«በይ እንግዲህ፣ እኔ ሥራ አለብኝ» ብላ ፊቷን አዞረችና የስፌት መኪናዋን ትረግጥ ጀመር።

ከመርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም።