ሐይቁ ዳር የተንኳኳው በር

ሬሳው እንደ ቤት ከሚታደርበት የካምፒንግ መኪና ደረጃ ሥር ተጋድሞ ነበር፤ አንድ ስንዝር በረዶ ለብሷል። ሳጅን ማሪካ ቬላ ተንበርክካ እጇን ጀርባው ሥር ሰደደች። መሬቱ ደረቅ ነው። ለማንም ሳትናገር ወደ መኪናው ገባች።

«ማሞቂያው ጠፍቶ ነው ያደረው፤ ልለኩሰው?» አለ የሟቹ የኔቪል አማች፣ ዱጋል።

«እንዳትነካው!»

«እኛንም በብርድ ልትጨርሺን ነው?» አለ የኔቪል ታናሽ ወንድም ሮስ፣ በሩ ሥር ካለው አልጋው ላይ ብርድ ልብስ እንደተከናነበ። «ሲድኒ ነው ያደግሽው መሰለኝ። እዚህ ተራራ ላይ ሐምሌ በረዶ የሚጥልበት ክረምት ነው፣ የኔ ልጅ።»

«እንግዲያው ካፖርትዎን ይደርቡ። ማታ ምን ሆነ?»

ለሮስ ነገሩ ግልጽ ነበር። ሌሎቹ ከተኙ በኋላ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እሱና ኔቪል የውጭውን እሳት አጥፍተው ገቡ። ኔቪል ከሾፌሩ ወንበር በላይ ያለው አልጋ ላይ ወጥቶ መጋረጃውን ዘጋ። ሌሊት ለሽንት ሲወጣ ቁልፍ ረሳ፤ አንኳኳ፤ የከፈተለት የለም፤ ሲዞር በረዶው አዳለጠውና ጭንቅላቱ ደረጃው ላይ አረፈ።

«ማንኳኳቱን የሰማ አለ?»

«እኔ» አለ ከጠረጴዛው ሥር ቀጭን ድምፅ።

ቢያ ነበረች፤ የሟቹ የልጅ ልጅ፣ አሥር ዓመቷ ነው። ማሪካ ጠረጴዛው ሥር ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ከሌሊቱ ስምንት። ሰዓቴ ጨለማ ውስጥ ያበራል። ሦስቴ ተንኳኳ። አያቴ ጆይስ መሰለችኝ። ሐይቁ ነው የወሰዳት። ክረምት ክረምት እየመጣች ታንኳኳለች፣ የከፈተላትን ይዛ ትሄዳለች ብሎ አጎቴ ሮስ ራት ላይ ነገረን።» ጉልበቶቿን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። «ተሸፋፈንኩ። ለወንድ አያቴ ብከፍትለት ኖሮ አይሞትም ነበር፣ አይደል?»

ማሪካ ልጅ ማባበል አይሆንላትም። «ቆይ፣ ላጣራ» አለቻት።

የቢያን እናት ሊያንን ወደ ውጭ ጠራቻት።

«እናትሽ የሰጠመችበት ሐይቅ ዳር ምን አመጣችሁ?»

«አባዬ ነው ግድ ያለው። የዛሬ ሦስት ክረምት እማዬ ከሮስ ጋር ጀልባ ላይ ነበረች። ሮስ ‹መንሳፈፊያ ጃኬቷን እንደለበሰች ሰጠመች› አለን። ባለፈው ወር አባዬ ያንኑ ጃኬት ሮስ ጋራዥ ውስጥ አገኘው። ‹ቦታው ላይ አቁሜ ነው የምጠይቀው› አለ።»

«ጠየቀው?»

«እኔ ስተኛ እሳቱ ዳር ሁለቱ ብቻ ነበሩ።»

ማሪካ ተመልሳ አልጋዎቹን አንድ በአንድ አየች፤ ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«በብርድ የተኛ ሰው ትንፋሹ መስኮቱ ላይ ይጋገራል። የአራታችሁም መስኮት በአመዳይ ነጭ ነው። የኔቪል ጥርት ያለ ነው። አልጋው ላይ አልተኛም።»

«ታዲያ የት ነበር?» አለ ዱጋል።

«ውጭ፣ ሞቶ። በረዶው ሦስት ተኩል ላይ ጀምሮ ከእኩለ ሌሊት በፊት አባራ። ሬሳው ሥር አንዲት ብናኝ የለም። ሲወድቅ የሚያዳልጥ ነገር አልነበረም፤ ጭንቅላቱን የመታው ሰው ነው። ስምንት ሰዓት ላይም ሊያንኳኳ አይችልም።»

ሮስ ሳቀ። «እንግዲያ ልጅቷ አልማለች። ወይም ጆይስ መጥታለች።»

«አላለመችም።» ማሪካ በሩን ከውስጥ በኩል በባትሪ አበራችበት። ብረቱን ከሸፈነው አመዳይ ላይ፣ ከሮስ ትራስ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ የጣት አንጓዎች ሦስት ቦታ ታትመዋል። «ማሞቂያው ቢለኮስ ኖሮ ይሄኔ ቀልጠዋል። በሩ የተመታው ከውስጥ ነው። ተጋድሞ እንዳለ እጁ በሩ ላይ የሚደርስ ደግሞ አንተ ብቻ ነህ።» እርስዎ ማለቱን ትታዋለች። «ኔቪል ለምን እዚህ እንዳመጣህ ገብቶህ ነበር። ማንም በሩን እንዳይከፍት ራት ላይ ተረቱን አዘጋጀህ፣ እሳቱ ዳር ወንድምህን ገደልክ፣ ከዚያ ስምንት ሰዓት ጠብቀህ፣ እስከዚያ በሕይወት የነበረ እንዲመስል አንኳኳህ። ጥፋተኛ ያስፈልግህ ነበር። ማንም የማይከሳትን ይህችን ልጅ መረጥክ።»

ሮስ የጣቶቹን አንጓዎች አያቸው።

«ለጆይስ ጃኬቱን አልወረወርኩላትም» አለ። «የጀልባውን ጎን ሦስቴ መታችው። ከዚያ ዝም አለች።»

ሊያን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማሪካ የጠራቻቸው ፖሊሶች ሮስን ከወሰዱት በኋላ ቢያ ከጠረጴዛው ሥር ወጣች። ጡጫዋን አመዳዩ ላይ ባለው ምልክት ላይ አስደገፈች።

«ያንኳኳው አያቴ አልነበረም» አለች።

«አልነበረም።»

«እሱ ቢሆን ኖሮስ? እከፍትለት ነበር?»

«አላውቅም» አለች ማሪካ።

ቢያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ቅዝቃዜው ገባ። ዝጊው ያላት ሰው አልነበረም።